ሟቹ በሳይክል መጣ

ዲሪርሳ የገዛ መርዶውን የሰማው እሑድ ንጋት ላይ፣ ሱሉልታ በሚገኘው ቤቱ፣ አንድ እግሩን ሱሪው ውስጥ አግብቶ ሌላውን እንደ ሽመላ አንጠልጥሎ ሳለ ነው። መኝታ ቤቱን ከወጥ ቤቱ የሚለየው ቺፕውድ እንኳን ወሬ የሽንኩርት ሽታም አያስቀር። ከዚያ ማዶ ሚስቱ ደጊቱ ስልኳን ስፒከር ላይ አድርጋ፣ እንቁላል እየመታች፣ ሰበታ ከሚኖረው ከታላቅ ወንድሙ ከሚልኬሳ ጋር ታወራለች።

«ሽማግሌዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናንተ ቤት ይደርሳሉ። አንተ በአባት ወንበር ትቀመጣለህ ጋሼ፤ አባትየው ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው ብለናቸዋል።»

«እሱስ የት ይሁን?»

«ሟቹ?» አለችና ደጊቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ሟቹማ ከሳይክል ሰዎቹ ጋር መናገሻ ጫካ ይሄዳል። ሳይመሽ አይመለስም።»

መብረቅ ወርዶ እንጦጦን ለሁለት ቢሰነጥቀው ዲሪርሳ እንደዚያ አይደነግጥም ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለ። የሱሪው ሁለተኛ እግር ባዶውን ተንጠለጠለ። ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሙሉ ሞቶ ሲበላ፣ ሞቶ ሲተኛ፣ ሞቶ የመብራት ሲከፍል ከርሟል ማለት ነው። ባለፈው ፋሲካ በግ ገፎ ያከፋፈለው ማን ነበር ታዲያ? ደረቱን ዳበሰ፤ ልቡ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ትደነፋለች። ሮጦ ወጥቶ «እነሆኝ!» ሊል አሰበና ተወው፤ ምክንያቱም ድንጋጤው ጋብ ሲል ለምን እንደገደሉት ራሱ ያውቀዋል።

ዲሪርሳ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። አስፋልት ዳር ሳይክል ይጠግናል፣ ያከራያል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ወጣቶችን በነፍስ ወከፍ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር እያስከፈለ ጫካና ታሪክ ያስጎበኛል። አፉ ግን ከሚነፋው ጎማ ሁሉ የበለጠ የተነፋ ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ልምምድ የሚሠሩት ሯጮች ትንፋሽ አያያዝ የተማሩት ከሱ ነው፤ የዓባይን በረሃ ፍሬን በሌለው ሳይክል ቁልቁል የወረደው እሱ ነው፤ ነብር አሳዶት፣ ነብሩ ደክሞት ተቀምጦ የቀረው እሱን ሲከተል ነው። ይህ ሁሉ ማንንም አልጎዳም። የጎዳው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የሙሴ ሽማግሌዎች ሴት ልጁን ቲናን ለመጠየቅ የመጡ ዕለት ነው።

ሙሴ የጫንጮ ልጅ ነበር፤ ቲና አራት ዓመት የወደደችው። እንደ ባህሉ ዘር ተቆጠረ፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ሥጋ ከተገናኘ ጋብቻ የለም። የዲሪርሳ አባት ገበሬ፣ አያቱ ገበሬ፣ ቅድመ አያቱም ገበሬ፤ ሳሎኑ ውስጥ ግን ስምንት ሽማግሌ ከነከዘራው ተቀምጧል፣ ጆሮ ሁሉ እሱ ላይ ነው። አራተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ምላሱ በላችው። «ጉተማ አባ ዳልቻ!» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። ጉተማ አባ ዳልቻ በፈረስ ስሙ የሚጠራ፣ የጀግና ጀግና ነው፤ ዲሪርሳ ስሙን ገበያ ላይ ሰማው እንጂ ሥጋው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ተነስተው አንገቱን አቅፈው ሳሙት። ጉተማ አባ ዳልቻ ለካ የሙሴም አምስተኛ አያት ነው! «ወንድማችን ኖረሃል! ዘመድ አገኘን!» እያሉ፣ እየመረቁ፣ ሙሽራዋን ሳይጠይቁ ወጡ። «ዋሽቼ ነው» ቢል፣ ሁለት ቃል ብቻ ቢናገር፣ ነገሩ ያልቅ ነበር። በዕድሜው አንድ ሚሊዮን ቃል የተናገረ ሰው ሁለቱን አጣቸው። ነገ ጫንጮ ሄጄ እናገራለሁ አለ፤ ነገው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ሙሴም ሌላ አገባ። ከዚያ ወዲህ ቲና ለአባቷ «ደህና አደርክ» እና «ደህና ዋል» ብቻ ነው ያላት። አሁን ገባው። የሞተበትን ቀን በትክክል ነው የነገሯቸው።

ሱሪውን ለብሶ ወጣ። ደጊቱ ስድስት እንቁላል የፈሰሰበት ዳቦ በፌስታል ጠቅልላ አቀበለችው። አንድ እንቁላል ሃያ ብር በገባበት ዘመን፣ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራቸው ከሁለት በላይ ሰብራለት አታውቅም። «መንገድ ላይ እንዳይርብህ» አለች ዓይኑን ሳታይ። ቲና ደጃፉ ላይ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ጥፍሯን ትቀባለች። የጥፍሩ ቀለም ነጣ ያለ ሮዝ ነው። ዲሪርሳ አጠገቧ ቆመ፤ ቆመ፤ የሳይክሉን ጎማ ሁለት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አደረገ። እሷ አንገቷን አላነሳችም፤ ብሩሹ ግን አንድ ጥፍር ላይ አምስት ጊዜ ተመላለሰ። «ደህና ዋል አባ» አለች በመጨረሻ። ሦስቱም የሚያውቁትን ነገር ሦስቱም ሳይናገሩ በሩ ተዘጋ።

ደንበኞቹ ዮአብና አሪጅ አንድ ሰዓት ላይ ደረሱ፤ እሱ ኢንጂነር፣ እሷ ፋርማሲስት፣ ሁለቱም ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ። የጎጃምን መንገድ ይዘው ወደ እንጦጦ ወጡ። የመስከረም ማለቂያ ነው፤ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኗል፣ ጎመን የጫነ አይሱዙ ጭሱን እየተፋ ያልፋቸዋል፣ የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «አባባ፣ ጡረታ!» እያለ ይሳደባል። ሌላ ቀን ቢሆን ዲሪርሳ ለአንዷ ስድብ አሥር ይመልስ ነበር። ዛሬ ዝም ብሎ ፔዳሉን ይረግጣል። ባሕር ዛፉ ግራና ቀኝ ቆሞ ቀባሪ ይመስላል። ማርያም ቤተ ክርስቲያንን አልፈው አሮጌው ቤተ መንግሥት ደጃፍ ሲደርሱ ዲሪርሳ በጭቃና በእንጨት የተሠራውን ቤት በእጁ አሳየና «ይሄ ቤተ መንግሥት ነው» ብሎ ዝም አለ።

«በቃ?» አለ ዮአብ። «ባለፈው ወንድሜን ሲያስጎበኙት አያትዎ ለንጉሡ እርካብ ይይዙ ነበር አሉት እኮ!»

«አያቴ ገበሬ ነበሩ» አለ ዲሪርሳ። ከአፉ የወጣውን ሲሰማ ራሱ ደነገጠ።

ከእንጦጦ ጀርባ በጫካው መንገድ ቁልቁል ወደ ቡራዩ ወረዱ። ማጋነን አይሁንና ያ ቁልቁለት ሰው ከነጥርሱ የሚወርድበት አይደለም። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ወደ ዳር ገለል እያሉ አሳለፏቸው፤ አንዷ አሮጊት ከሸክማቸው ሥር ቀና ብለው «ነጋን ገላ» አሉት፣ በሰላም ግባ ማለታቸው ነው። የሚገባበት ቤት እንደሌለው በምን ያውቃሉ! ቡራዩ ላይ ሻይ በሃያ አምስት ብር ጠጡና ገፈርሳ ግድብ ዳር ሲደርሱ ዲሪርሳ ውሃው ፊት ሳይክሉን አስደግፎ ስልኩን አወጣ። የደጊቱ ዝግ ነው። የቲናም ዝግ ነው። ወደ ሚልኬሳ ደወለ። ከስልኩ ውስጥ የወንበር መጎተት፣ የብርጭቆ መንኳኳት፣ «ያንን ሶፋ ወዲህ» የሚል የደጊቱ ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ደህና ዋልክ? የት ነህ?»

«ለቅሶ ላይ ነኝ» አለ ሚልኬሳ ተቻኩሎ።

«የማን ለቅሶ?»

«አታውቀውም» አለ ወንድሙ። «የሩቅ ዘመድ ነው።»

ዲሪርሳ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮው ላይ እንደያዘው ቀረ። አብሮት በአንድ ጀርባ ታዝሎ፣ በአንድ ቁምጣ ተራ እየተለዋወጠ ያደገ ወንድሙ ነው የሩቅ ዘመድ ያደረገው! ውሃው ላይ አንድ ዳክዬ ጠልቃ ወጣች፤ እንደገና ጠልቃ ወጣች። ሳይክሉ ላይ ሲወጣ እግሩ ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ሳተው።

መናገሻ ኮረብታ ሥር አምስት ሰዓት ተኩል ደረሱ። የጥንት ነገሥታት ዘውድ ይደፉበት ነበር የሚባለው ተራራ ነው፤ ዲሪርሳ እዚህ ጋ ብቻ የአንድ ሰዓት ተረት ነበረው፣ ከነእልልታው ከነነጋሪቱ። ዛሬ አቀበቱን ሽቅብ እያየ አንድ ነገር ታሰበው፤ ሰው በገዛ እጁ ዘውድ አይደፋም፣ ሌሎች ናቸው የሚደፉለት። ሞትም ለካ እንደዚያ ነው። ሌሎች ሞተ ካሉ ሞተ ነው። ከዚያ በጠጠሩ መንገድ ወደ ሱባ ጫካ ታጠፉ። ለዘበኛው የመግቢያ ከፍለው፣ የሚመልሳቸውን ፒክአፕ መኪና በሩ ላይ ቆሞ አገኙትና ጥዶቹ መሀል ገቡ። ጥዶቹ ከዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የቆሙ ናቸው ይባላል። ስድስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይከባቸው፣ ጫፋቸው ሰማዩን የሚወጋ፣ ከሥራቸው ቀትሩ ምሽት የሚመስል ዛፎች ናቸው። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ነጭ ጭራውን እያውለበለበ ዘለለ። ወፍ እንኳ ድምፁን ቀንሶ የሚጮኽ ይመስላል።

ግንዱ ሥር ለምሳ ተቀመጡ። ዲሪርሳ ፌስታሉን ፈታ፤ ስድስቱ እንቁላል ቢጫቸው አፈጠጠበት። የራሱ ተዝካር የቀረበለት ያህል ሆነና ገፋው።

«ጋሽ ዲሪ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለች አሪጅ።

«ሞቻለሁ።»

ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ከምሬ ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጄን ሊጠይቁ ይመጣሉ። እኔ ደግሞ ከሞትኩ ሦስት ዓመቴ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው፤ ከሙሴ እስከ ቺፕውዱ፣ አንድም ሳይጨምር። ወሬው ጉተማ አባ ዳልቻ ጋ ሲደርስ ዮአብን ሳቅ አፈነው፤ የዲሪርሳን ፊት ሲያይ ግን ተወው። አሪጅ ዳቦዋን አስቀመጠች።

«አባቴ ኒካሕ እስካሰረልኝ ቀን ድረስ አንድም ቀን አልተስማማንም» አለች። «ያን ቀን ባይቀመጥ ኖሮ ግን ዛሬም አላገባሁም። ይሂዱ እንጂ! ምን ያስቀምጥዎታል?»

«ብሄድ ሁለተኛ አፈርስባታለሁ። ውሸታቸው ሲገለጥ ሽማግሌዎቹ ይነሳሉ፣ ልጁም ይሄዳል። ባልሄድ ደግሞ...» ጥዱን ቀና ብሎ አየ። «ባልሄድ እንደሞትኩ መቅረቴ ነው። እሷ ልጆች ትወልዳለች፤ እኔን አያት የሚለኝ የለም።»

«ሰበታ ከዚህ ስንት ነው?» አለ ዮአብ።

«በመኪና ዞሮ ሁለት ሰዓት። በጫካው ቁልቁል ለሰው አንድ ሰዓት ተኩል።» ሰዓቱን አየ፤ ሰባት ተኩል ሆኗል። ተነሳ። «ከአጥር ውጪ ቆሜ ድምፅዋን ሰምቼ እመለሳለሁ። በፈጣሪ ስም፣ ከአጥሩ አላልፍም!»

እነሱ በፒክአፑ ዞረው ሰበታ ሊያገኙት ተስማሙና ዲሪርሳ ወረደ። በዕድሜው ሙሉ ወረድኩት ብሎ የዋሸበትን ቁልቁለት ሁሉ ያን ዕለት በአንዴ ወረደው። ሥሩ ያነጥራል፣ ድንጋዩ ይተፋዋል፣ ቅርንጫፉ በጥፊ ይመታዋል። ፍሬኑ ጮኸ፣ ጮኸና እንደ ሰነፍ ዘበኛ ዝም አለ። ክረምቱ ሞልቶ የተወው ወንዝ ዳር ሲደርስ ሳይክሉ ቆመ፣ እሱ ግን ቀጠለ፤ በሆዱ ወደ ጭቃው ገባ። ሲነሳ ከዓይኑ በቀር ነጭ ነገር አልነበረውም። ካቴናው ተበጥሷል። ለሱ መቀጠል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ መሣሪያው ግን ከጭቃማ እጁ አምልጦ ወንዙ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ሳይክሉን በትከሻው አንግቦ ሮጠ። ገበሬዎች ከማሳቸው ቀና ብለው «ኦቦ፣ ሳይክሉ ነው የሚነዳህ ወይስ አንተ ነህ የምትነዳው?» እያሉ ሳቁበት። አልመለሰላቸውም። የሰበታ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ሲያይ ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ነበር።

የሚልኬሳ ግቢ የብረት በሩ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ደጁ ላይ ሁለት መኪና ቆሟል። ዲሪርሳ አጥሩን ተደግፎ ትንፋሹን ሲሰበስብ አንደኛው መኪና ተከፈተና ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ሰባ የዘለሉ ሰው በከዘራ ወረዱ። ዘግይተው የመጡት ዋናው ሽማግሌ፣ የቡራዩው ኦቦ ዳዲ ናቸው። ጭቃውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አንተ ሰው፣ ወድቀህ ነው?»

«ወድቄ ነው አባቴ። እሄዳለሁ አሁን።»

«የት ትሄዳለህ! ለመልካም ነገር በመጣንበት ደጅ ላይ የወደቀ ሰው ጥለን ብንገባ ነገራችን ይቃናል?» ክንዱን ያዙት፤ የሽማግሌ እጅ አይመስልም፣ ጉጠት ነው። «ና ግባ፤ ታጥበህ ትሄዳለህ።»

እንዲህ ሆኖ ዲሪርሳ የገዛ ልጁ ሽምግልና ላይ በጠያቂዎቹ ወገን፣ በኦቦ ዳዲ እጅ ተጎትቶ ገባ። ሳሎኑ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። አምስት ሽማግሌ በአንድ ወገን ተደርድሯል። ፊት ለፊት ትልቁ ወንበር ላይ ሚልኬሳ ተኮፍሷል፤ ትከሻው ላይ የጣለው ጋቢ ደጊቱ ለዲሪርሳ የገና ስጦታ ፈትላ ያሠራችለት ነው። ደጊቱ ጥቁር ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃለች። ዲሪርሳን ሲያዩ ሚልኬሳ የያዘው ብርጭቆ ጥርሱ ላይ ተንቀጫቀጨ፤ ደጊቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። «መንገድ ላይ የወደቀ ምስኪን ነው፣ በር ላይ ይቀመጥ» አሉ ኦቦ ዳዲ። በርጩማ ተሰጠው። ተቀመጠ። ማንም አወቅሁህ አላለውም፤ እሱም ማንንም አወቅሁ አላለም።

«እንግዲህ» አሉ ኦቦ ዳዲ ከዘራቸውን አስተካክለው፣ «ነገራችንን ከመጀመራችን በፊት፣ የልጅቷ አባት ነፍሱን ይማረውና እንዴት ያለ ሰው ነበር? ልጃችን ሲጠይቀን የምንለው እንድናገኝ ነው።»

ሚልኬሳ ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ በሩ ላለማየት አንገቱን እንደ ግመል አዞረ። «ጥሩ ሰው ነበር። ዝምተኛ... በጣም ዝምተኛ ሰው ነበር።»

ዲሪርሳ ከበርጩማው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። መሞቱስ ይሁን፤ ዝምተኛ! ኦቦ ዳዲ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና «እንዲህ ያለ ሰው በጸሎት ሳይታሰብ ልጁ አትጠየቅም፤ እንነሳ» አሉ። ሁሉም ተነሳ። ሚልኬሳ ተነሳ፣ ደጊቱ ግድግዳ ይዛ ተነሳች፣ ዲሪርሳም ቆብ ባይኖረውም እጁን ወደ ራሱ ሰዶ ተነሳ። ኦቦ ዳዲ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ነፍሱን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ልጁ ካሰበችው ትድረስለት፣ ወልዳ ስሙን ታስጠራለት።»

«አሜን» አለ ቤቱ ሁሉ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሻካራ ድምፅ፣ ከበሩ በኩል፣ «አሜን!» ሲል ተሰማ።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። ሙሽሪት ሳትጠራ አትወጣም፤ ቲና ግን ወጣች፣ ባዶ እግሯን። ጭቃውን ሰው አየች፤ የበሩን ጉበን ያዘች።

«ኦቦ ዳዲ፣ እጅዎን ያውርዱ» አለች። «አባቴ አልሞተም። ይኸው ቆሟል። እኔም ሲዋሽ ሰምቼ ዝም ብያለሁ።»

ኦቦ ዳዲ እጆቻቸውን ወዴት እንደሚያደርጓቸው ጠፋባቸው፤ እንደተዘረጉ ወደ ዲሪርሳ ዞሩ፣ ወደ ሚልኬሳ ዞሩ።

«ታዲያ የሞተው ማን ነው?»

«ማንም» አለች ደጊቱ በሹክሹክታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ። «ማንም አልሞተም አባቴ።»

አንዱ ሽማግሌ «ይሄ ቤት ያላግጥብናል እንዴ?» ብሎ ባርኔጣውን አነሳ። ሁለቱ ወደ በሩ ራመድ አሉ። ቲና ሊሄዱ መሆናቸውን አይታ ዓይኗን ጨፈነች። ኦቦ ዳዲ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ፤ ሁሉም ባለበት ቀረ።

«እኛ የተላክነው ወደ አባት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አባት አለ ከተባለ ወዴት እንሄዳለን? የውሸቱን ነገር በኋላ በእርቅ እንነጋገራለን፤ እኔም የምለው አለኝ፣ አይቀርላችሁም። አሁን አንተ፣ ወንበሩን ልቀቅ።»

ሚልኬሳ ተነሳ። ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ የት እንደሚያስቀምጠው አጥቶ ክንዱ ላይ ያዘው። ዲሪርሳ ነጩን ወለል በጭቃ እግሩ አቋርጦ፣ ነጩ ዳንቴል ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ በየቦታቸው ተመለሱ። ኦቦ ዳዲ ብቻ ቆመው ቀሩ፣ እንደ ወጉ።

«ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል። አባት፣ ምን ትላለህ?»

ዲሪርሳ አፉን ከፈተ። ደጊቱ ዓይኗን አፈጠጠች፤ ሚልኬሳ ጋቢውን ጨበጠ፤ ቲና የበሩን ጉበን ሙጭጭ አድርጋ ያዘች። ከዚያ አፍ በሃምሳ አራት ዓመት ውስጥ ያልወጣ ነገር አልነበረምና፣ አሁን ምን እንደሚወጣ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው።

«ውሃ» አለ።

ቲና ከጓዳ ሮጣ በሁለት እጇ ብርጭቆ ይዛ መጣች። በአንድ ትንፋሽ ጠጣው። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ። ባዶውን ብርጭቆ መለሰላት፤ እጇን አልለቀቀም።

«ድገሚኝ ልጄ» አለ። «ከዚያ አንቺ የምትዪውን ሰምቼ እናገራለሁ።»